ፖስታው አሌክሳንድሪያ ይላል፣ ደብዳቤው ከፌርፋክስ መጣ፦ ቤዝመንት ሲከራይ የማን ሕግ ይሠራል?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ስምንት ዓመት ተከራይተን ኖርን። ባለፈው ዓመት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቤት ገዛን። ቤዝመንቱ የራሱ በር፣ መታጠቢያና ምድጃ አለው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ያመጣውን አንድ ወጣት በወር እየከፈለ እንዲኖር በቃል ተስማምተን አስገባነው። ሰሞኑን ከፌርፋክስ ካውንቲ ‹ያለ ፈቃድ ሁለተኛ መኖሪያ አበጅታችኋል› የሚል ደብዳቤ ደረሰን። እኛ ያለነው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ፌርፋክስ ምን አገባው? አሌክሳንድሪያ ደግሞ ይፈቅዳል ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ጓደኛችንም ፈቃድ አውጥታ ታከራያለች። አንድ ሰው ደግሞ የፌርፋክስ ደንብ በፍርድ ቤት ተሽሯል፣ ደብዳቤውን እርሱት አለን። ቤቱ የራሳችን ነው። የማንን ሕግ ነው የምንከተለው?»

ምላሽ፦ ደብዳቤውን በፍጹም አይርሱት። ቀኑ መቆጠር ጀምሯል። በቨርጂኒያ ሕግ የካውንቲ የዞኒንግ (የመሬትና የቤት አጠቃቀም) ውሳኔ ላይ ይግባኝ ለማለት በመደበኛው ያለዎት 30 ቀን ነው። ቤት ውስጥ ከሚኖረው ሰው ብዛት ጋር ለተያያዙ አንዳንድ ጥሰቶች ደግሞ 10 ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሚመለከትዎ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ ውሳኔው ይጸናል። ካውንቲው ተሳስቶ ቢሆን እንኳ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ተሳስቷል» ማለት አይጠቅምም። ስለዚህ የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ደብዳቤው መቼ እንደተጻፈ ይዩ።

አሁን ወደ አድራሻው። ቤትዎ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። «አሌክሳንድሪያ» የሚለው የፖስታ ቤት ስም ነው። ፖስታ ቤት ለሰፈር ስም የሚሰጠው ደብዳቤ ለማደል እንዲመቸው እንጂ የአስተዳደር ድንበር ለማስመር አይደለም። ዚፕ ኮዱ 22310 ወይም 22315 የሆነ ቤት ፖስታው ላይ አሌክሳንድሪያ ይባላል፤ የሚተዳደረው ግን በፌርፋክስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ልዩነት ከሌላው ስቴት ይከብዳል። በአብዛኛው አሜሪካ ከተማ በካውንቲ ውስጥ ያለ ነው። በቨርጂኒያ ግን 38 ከተሞች ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ከተማ አንዷ ናት። የአሌክሳንድሪያ ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ የከተማዋ ወሰን ላይ ያበቃል። ከዚያ አንድ እርምጃ ሲሻገሩ ሌላ ምክር ቤት፣ ሌላ ደንብ፣ ሌላ ኢንስፔክተር ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጉ የመኪና ታክስ ቢልዎን ያውጡ። ሜሪላንድ ሳሉ እንዲህ ያለ ዓመታዊ የመኪና ታክስ አልነበረብዎትም፤ ቨርጂኒያ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ቢል ነው። ላኪው ማን ነው? «ፌርፋክስ ካውንቲ» የሚል ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። በእርስዎ አካባቢ ታክስ የሚሰበስብብዎት መንግሥት የዞኒንግ ደንብም የሚያወጣብዎት እሱ ነው። የቤቱ ታክስ ወረቀትም ያንኑ ይነግርዎታል። ብዙ ሰው ቤት ሲገዛ ይህን አያይም። ትምህርት ቤቱን ያያል፣ ሜትሮው ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ያያል። የማን ደንብ እንደሚገዛው የሚያውቀው ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

ስምንት ዓመት የኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግም እንዲሁ ናት። በሕግ ዓይን ከተማ አይደለችም። ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላትም፤ የምትተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ጓደኛዎ ፈቃድ ያወጣችው ከካውንቲው ነው። ፈቃዱም ሁለቱን ስቴቶች የሚለየውን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አይሠራም። አጠገቧ ያለችው ታኮማ ፓርክ ግን የራሷ ምክር ቤት ያላት ከተማ ናት፤ ካውንቲው የኪራይ ጣሪያ ከማውጣቱ አሥርት ዓመታት በፊት የራሷን ጣሪያ አውጥታለች። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ግን ይህ መብት የለውም። ይህን ሳነሳ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ አለብኝ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ዜግነት የማግኘት ዕድሉን ሊያሳጣው፣ ከአገር ሊያስወጣውም ይችላል። የአንድ ከተማ ፈቃድ ለዚያች ከተማ ምርጫ ብቻ ነው።

«አሜሪካ አንድ አገር አይደለም ወይ?» የሚሉ ብዙ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ጥያቄያቸው ይገባኛል፤ እኛ ያደግነው አዋጅ ከላይ ወርዶ ቀበሌ ድረስ በሚደርስበት አስተሳሰብ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን ስለ ከተማና ስለ ካውንቲ አንድ ቃል አልጻፈም። በ1791 የጸደቀው 10ኛው ማሻሻያ ለፌዴራሉ ያልተሰጠው ሥልጣን የስቴቶችና የሕዝቡ ነው ይላል። ከተማና ካውንቲ የሚወለዱት ከስቴቱ ነው። ለዚህ ነው የቤት ኪራይ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤት፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የፓርኪንግ፣ የሌሊት ጩኸት ጉዳይ ሁሉ ዋሽንግተን ሳይሆን ስቴቱና ካውንቲው ዘንድ የሚያልቀው። ዜናው ቀን ከሌት ስለ ኮንግረስ ያወራል። እርስዎ ቤት ድረስ የመጣው ደብዳቤ ግን ከካውንቲ ነው።

ታዲያ ስቴት ለካውንቲ ምን ያህል ሥልጣን ይሰጣል? እዚህ ላይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይለያያሉ። ቨርጂኒያ የምትከተለው የዲሎን መርሕ የሚባለውን ነው። ስሙ የአዮዋ ዳኛ ከነበረው ከጆን ዲሎን የመጣ ነው፤ ሐሳቡን በፍርድ ያስቀመጠው በ1868 ነው። ባጭሩ፣ ካውንቲ ስቴቱ ለይቶ ከሰጠውና ከዚያ በግድ ከሚከተለው ውጭ ሥልጣን የለውም። ሰጥቶት እንደሆነ ካጠራጠረ አልሰጠውም ማለት ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን ከ1948 ጀምሮ የራሱ ቻርተር (መተዳደሪያ ሕግ) አለው፤ ከሜሪላንድ ካውንቲዎች የመጀመሪያው ነው። በራሱ ጉዳይ ላይ ሰፋ ያለ ሕግ የማውጣት መብት አለው። በ2023 የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ ያስቀመጠውም በዚህ ነው። ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ የዓመቱ ጭማሪ የኑሮ ውድነት መጠን ሲደመር 3 ከመቶ ወይም 6 ከመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ አይችልም። ፌርፋክስ ይህን ልሥራ ቢል ስቴቱ ሥልጣኑን አልሰጠውም። እናም «እዚያ እንዲህ ነበር» የሚለው ክርክር እዚህ ምንም ክብደት የለውም።

ብዙ ሰው ደግሞ «ስቴት ከካውንቲ ይበልጣል፣ ስለዚህ የስቴቱን ሕግ ከጠበቅሁ ነፃ ነኝ» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የሁለቱ ሕጎች ሲጋጩ የስቴቱ ያሸንፋል። ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማክበር ከተቻለ ግጭት የለም። ስቴቱ ዝቅተኛውን ያስቀምጣል፣ ካውንቲው ሲፈቀድለት ይጨምርበታል፤ እርስዎም ሁለቱንም ይጠብቃሉ። የሜሪላንድን ዝቅተኛ ደሞዝ ይውሰዱ። ስቴቱ በሰዓት 15 ዶላር ብሏል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ ከፍ አድርጓል። ቀጣሪው የሚከፍለው የካውንቲውን ነው። አላባማ ውስጥ ግን ተቃራኒው ሆነ። በርሚንግሃም ከተማ የራሷን ዝቅተኛ ደሞዝ ልታወጣ ስትል የስቴቱ ምክር ቤት በ2016 ከተሞች ይህን እንዳያደርጉ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የከተማዋ ደንብ በዚያው ቀረ። በእርስዎ ጉዳይ ላይም አንዳንድ ስቴቶች ከላይ ሆነው አዘዋል። ካሊፎርኒያ ከተሞች ተጨማሪ መኖሪያን እንዲፈቅዱ አስገድዳለች፤ እዚያ አንድ ከተማ እምቢ ቢልዎ የስቴቱን ሕግ ይዘው መከራከር ይችላሉ። ቨርጂኒያ ግን ውሳኔውን ለካውንቲዎቹ ተወች። ስለዚህ የካሊፎርኒያ ዘመድዎ የሚነግርዎት ነገር፣ እውነት ቢሆንም፣ ለእርስዎ አይሠራም።

«ደንቡ ተሽሯል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በከፊል እውነት ነው፤ አደገኛ የሆነውም ለዚሁ ነው። ፌርፋክስ አዲሱን የዞኒንግ ደንብ ያጸደቀው በመጋቢት 2021፣ በኮቪድ ጊዜ፣ በኦንላይን ስብሰባ ነበር። ነዋሪዎች ከሰሱ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2023 የስቴቱ የግልጽ ስብሰባ ሕግ እንዲህ ያለውን ደንብ በዚያ መንገድ ማጽደቅ አይፈቅድም ብሎ ደንቡን ከሥሩ ሻረው። አንድ ሙሉ የካውንቲ ደንብ በስብሰባው ዓይነት ምክንያት ወደቀ። ወሬው ግን እዚያ ላይ ቆሟል። ካውንቲው በግንቦት 2023 በአካል ተሰብስቦ ደንቡን እንደገና አጸደቀው። ዛሬ በሥራ ላይ ነው። በዚያ ፍርድ ተማምኖ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ራሱን ይጎዳል።

«ቤቱ የራሴ ነው» የሚለውም አያዋጣም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926፣ በኦሃዮዋ የዩክሊድ መንደር ጉዳይ፣ መንግሥት መሬትን በዞን ከፍሎ አጠቃቀሙን መወሰን ይችላል ብሏል። ከዚያ ወዲህ ቤት መግዛት ማለት በቤቱ የፈለጉትን ማድረግ ማለት አይደለም።

አሁን ምን ይደረግ? ችግሩ ሰው ማኖርዎ ብቻ አይደለም። በዞኒንግ ዓይን ቤዝመንቱን «ሌላ ቤት» የሚያስብለው በዋነኛነት ምድጃው ነው። መኝታ፣ መታጠቢያና ማብሰያ በአንድ በር ውስጥ ሲሟሉ ኢንስፔክተሩ የሚያየው ሁለተኛ መኖሪያ ነው። ቤቱን ሲገዙ ምድጃው የነበረ መሆኑም አያድንዎትም። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራው ነገር ከቤቱ ጋር ወደ እርስዎ ይተላለፋል።

የመጀመሪያው መንገድ ሕጋዊ ማድረግ ነው። ፌርፋክስ በቤት ውስጥ ለሚገኝ ተጨማሪ መኖሪያ በአስተዳደር ፈቃድ፣ ማለትም ያለ ሕዝባዊ ችሎት፣ ይፈቅዳል። ከ2021 በፊት ከነዋሪዎቹ አንዱ 55 ዓመት የሞላው ወይም አካል ጉዳተኛ መሆን ነበረበት፤ ያ ቀርቷል። ገደቦቹ ግን አሉ። ቤቱ ለብቻው የቆመ መሆን አለበት፤ ታውንሃውስ (ከጎረቤቱ ጋር በግድግዳ የተያያዘ ቤት) ከሆነ ይህ በር ዝግ ነው። ከሁለቱ መኖሪያዎች በአንዱ ባለቤቱ መኖር አለበት። መጠኑ ከ800 ስኩዌር ፊት ወይም ከዋናው ቤት 40 ከመቶ፣ ካነሰው መብለጥ የለበትም። ቤዝመንትዎ ከዚህ ከሰፋ ወደ ልዩ ፈቃድ ይገባሉ፤ ያ ረዘም ያለ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምድጃውን ማንሳት ነው። ፌርፋክስ አንድ ቤተሰብ ከሁለት ያልበለጡ ደባሎች ጋር በአንድ ቤት እንዲኖር ይፈቅዳል። ወጣቱ ላይ እየወጣ በእናንተ ማድቤት የሚያበስል ከሆነ እሱ ደባል ነው፤ ሁለተኛ ቤት የለም። ማንሳት ማለት ግን ምድጃውን ነቅሎ ጓሮ ማኖር ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ወይም የጋዝ ቱቦው ፈቃድ ባለው ባለሙያ መዘጋት አለበት፤ ካውንቲው ያንን ይመረምራል። ታውንሃውስ ላላቸው ይህ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛው መንገድ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ሜትር ይዘው ቤዝመንት ይውረዱ። ይህን ስል የቢሮክራሲ ጉዳይ አድርገው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። የሕንፃ ኮድ በቨርጂኒያ የስቴቱ ነው፤ አንድ ወጥ ነው፤ ካውንቲ የራሱን ኮድ ማውጣት አይችልም። በዚህ ኮድ መሠረት ሰው የሚተኛበት የቤዝመንት ክፍል ማምለጫ ያስፈልገዋል። ከወለሉ እስከ መስኮቱ መክፈቻ ታችኛው ጠርዝ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። ሲከፈት ቢያንስ 20 ኢንች ስፋትና 24 ኢንች ቁመት ሊኖረው ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 20 በ24 ብቻ የሆነ መስኮት አያልፍም፤ ሲባዛ 3.3 ስኩዌር ፊት ነው የሚሆነው። የሚፈለገው 5.7 ነው፤ ከውጭው መሬት ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች ለሆነ መስኮት 5 ይበቃል። ልኩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ የአየር ጋኑን ጀርባው ላይ አድርጎ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

አንድ ጊዜ የገባሁበትን ቤት አልረሳውም። አልጋው የተጠጋው ከመስኮቱ ሥር ነበር። መጋረጃው ንጹሕ ነው፣ ምንጣፉ አዲስ ነው። መስኮቱን ለመክፈት ስሞክር አልንቀሳቀስ አለ። ለካ ግድግዳው ሲቀባ አብሮ ተቀብቶ ደርቋል። ከውጭ ደግሞ የብረት ፍርግርግ ተበይዶበታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ያሏት እናት ለሁለት ዓመት ተኝታለች። ማንም ክፉ አላሰበም። ባለቤቶቹ ሌባ ነው የፈሩት። የእርስዎን መስኮት ዛሬ ማታ ይክፈቱት፤ ካልተከፈተ ወጣቱ ላይኛው ፎቅ ይተኛ።

የቃል ስምምነቱ ሌላው ሥጋት ነው። በእኛ ዘንድ ዘመድ ያመጣውን ሰው «ፈርም» ማለት ይከብዳል፤ አለመተማመን ይመስላል። የቨርጂኒያ ሕግ ግን ዝም አይልም። አከራዩ የጽሑፍ ውል ካላቀረበ ስቴቱ ራሱ ውል ይጽፍለታል፦ ለ12 ወር፣ በራሱ የማይታደስ። እርስዎ «በወር ነው የተስማማነው» ቢሉም ሕጉ ዓመት ሊያደርገው ይችላል። ልጁን በሦስተኛው ወር ውጣ ብለው ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ማጥፋት፣ ዕቃውን በር ላይ ማውጣት አይችሉም። ተከራይን የሚያስወጣው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ማስያዣ ከተቀበሉ ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ሲወጣ በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ ከተቀነሰበትም በዝርዝር ይጻፍለታል። የቤዝመንቱ ፈቃድ የሌለው መሆን እነዚህን ግዴታዎች አያነሳልዎትም።

ሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለውም ሰነዱን ያንብቡ። ማኅበሩ መንግሥት አይደለም፤ ቤቱን ሲገዙ የፈረሙበት የግል ውል ነው። ካውንቲው ፈቀደ ማለት ማኅበሩ ፈቀደ ማለት አይደለም። በካውንቲው ፈቃድ ከወጪው ሁሉ በኋላ ማኅበሩ ያስቆማቸው ሰዎች አይቻለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ይግባኝ ለማለት አይቸኩሉ፤ ግን ቀኑን አያሳልፉ። ከሰኞ ጀምሮ ደብዳቤው ላይ ስሙ ያለውን ኢንስፔክተር ደውለው ያነጋግሩት። አስተርጓሚ ከፈለጉ ይጠይቁ። «ለማስተካከል እፈልጋለሁ፣ የትኛውን መንገድ ልከተል?» ይበሉት። ከእነዚህ ሠራተኞች አብዛኞቹ የሚፈልጉት መስተካከሉን ነው። የሰጠዎትን ጊዜ በኢሜይል እንዲያረጋግጥልዎት ያድርጉ፤ በስልክ የተባለ ነገር የይግባኙን ቀን አያራዝምም። ቤቱ ለብቻው የቆመ፣ ቤዝመንቱም በልኩ ከሆነ ፈቃዱን ያውጡ። ታውንሃውስ ከሆነ ምድጃውን ያንሱ። ኢንስፔክተሩ ያየው ነገር ስህተት ነው ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ ለምሳሌ ምድጃው የማይሠራና መስመሩ የተቆረጠ ከሆነ፣ ይግባኙን ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ ለዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ ያስገቡ፤ ለዚህ የመሬት አጠቃቀም ጉዳይ የሚሠራ የቨርጂኒያ ጠበቃ ይያዙ። የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ያለው ጠበቃ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እዚህ ሊቆምልዎት አይችልም።

ለወጣቱም ዛሬውኑ ይንገሩት። ደብዳቤውን ያሳዩት። ኢንስፔክተር ሊመጣ እንደሚችል፣ ምናልባትም ክፍሉ ለጥቂት ሳምንት እንደሚታደስ ከእርስዎ ይስማው። እሱም መብት አለው። የጽሑፍ ውሉን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ኪራዩን፣ ማስያዣውን አስገቡበትና አንዱን ቅጂ ለእሱ ስጡት።